ሌባችንን ይመልሱልን

ለተከበሩ የአካባቢያችን የጸጥታና ደኅንነት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ያለ ጊዜው የተወሰደብን ሌባ እንዲመለስልን ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎን እጠይቃለሁ። እርስዎ ደኅና ነዎት? ባለቤትዎና ልጆችዎስ እንዴት ናቸው? የግቢዎ ግንብ፣ በግንቡ ላይ የተጠመጠመው እሾሃማ ሽቦ፣ ከሽቦው በላይ ቀንም ሳይቀር የሚበራው መብራት፣ ከመብራቱ ስር የሚፈራረቁት ዘበኞች ሁሉም በያሉበት ደኅና ናቸው? እኛ በከተማው ዳርቻ የምንኖር ታዛዦችዎ፣ ከሄደብን ዕቃ በስተቀር ምንም አልጎደለብንም። በአድራሻው ላይ «ባሉበት» ብዬ መጻፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ ቢሮዎ ድረስ ስመላለስ አንድም ጊዜ አግኝቼዎት ስለማላውቅ፣ ደብዳቤው ራሱ ፈልጎ ያግኝዎት ብዬ ነው።

እኔ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ባለው ጠባብ መንገድ ውስጥ የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። የሰፈሩን ተማሪዎች ዩኒፎርም፣ የትልልቆቹን ኮት፣ አልፎ አልፎም የፖሊሶችዎን የተተረተረ ሱሪ እሰፋለሁ። ሱሪዎቹ የተተረተሩት ሌባ ሲያባርሩ ይሆናል ብዬ እንዳላዝን፣ የሚተረተሩት ሁልጊዜ በመቀመጫቸው በኩል ነው።

ጊዜዎ ውድ መሆኑን ስለማውቅ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ባለፈው ሳምንት ፖሊሶችዎ ከአክስቴ ደጃፍ ላይ አንድ ሰው ይዘው ሄደዋል። ሰፈሩ የሚያውቀው ሙልጭ በሚል ቅጽል ስም ነው፤ ስሙን ያተረፈው የገባበትን ቤት ሙልጭ አድርጎ በመውጣት ነው። ሌባ መሆኑን እኔ አልክድም፣ ጎረቤት አይክድም፣ እናቱም አትክድም። ነገር ግን የያዛችሁት ምናልባት በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ቤት ገብቶ ምንም ሳይነካ በወጣበት ቀን ነው፤ በዚያ ቀን ያደረገውም የአክስቴን ነፍስ ማትረፍ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ፍርድ ቤት ሊያቀርቡት እንደሆነ፣ ከተፈረደበትም ለረጅም ጊዜ እንደማናየው ሰምተናል። ስለዚህ በትሕትና የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሌባችንን ይመልሱልን።

ይህን ስጠይቅ ግን ያደረጉልንን ሁሉ ረስቼ በልመና ብቻ ብመጣ ውለታ ቢስ ያሰኘኛል። ስለዚህ በቅድሚያ ምስጋናችንን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩. ስለ ምክርዎ

በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጠርተውን በነበረበት ቀን፣ እኛ በሕፃናቱ ወንበር ላይ ጉልበታችን አገጫችንን እየነካ ተቀምጠን፣ እርስዎ ደግሞ ከቢሮዎ ተጭኖ በመጣ ሶፋ ላይ ተደላድለው፣ እያንዳንዱ ነዋሪ የራሱ ቤት ፖሊስ መሆኑን፣ ፖሊስ በየደጃፉ ሊቆም እንደማይችል፣ አንድ ቁልፍም በዚህ ዘመን በቂ እንዳልሆነ አስተምረውናል። ሥራዎን ለእኛ አስረክበው ደመወዙን ብቻ ለራስዎ በማስቀረትዎ፣ ለሕዝብ ያለዎትን እምነት ተረድተን አጨበጨብን።

ምክርዎን እንደ ሰማን ወዲያው ወደ ሥራ ገባን። የመንገዳችን በያጅ፣ ከዚያ በፊት የአልጋ ብረትና የልጆች ብስክሌት ሲጠግን የሚውለው ሰውዬ፣ ቀን ከሌት እየሠራ መስኮቱን ሁሉ ፍርግርግ በፍርግርግ አደረገው። በበሩ ላይ ብረት፣ በብረቱ ላይ መቀርቀሪያ፣ በመቀርቀሪያው ላይ ጓጉንቸር ተደረደረ። አሁን ሰፈራችንን ከውጭ ለሚያየው ሰው ሌቦቹ ከውስጥ፣ ሕዝቡ ከውጭ የሆነ ይመስላል። እኔ እንኳ ከመስኮቴ ስር ተቀምጬ ስሰፋ የሚያልፍ የሚያገድመው ሰው አይቶኝ አንገቱን በኀዘኔታ ይነቀንቃል፤ መቼ እንደምፈታ የጠየቀኝም አለ።

በያጁ ግን ሥራውን ሳይጨርስ ቀረ። አንድ ቀን ምሳውን ሊበላ ገባ ብሎ ሲወጣ የብየዳ ማሽኑ የለም። እንግዲህ የሰፈሩን ቤት ሁሉ ሲያጥር የኖረ ሰው የራሱን ሱቅ በር በሽቦ አስሮ ነበር የሄደው። ይህን ማሽን በልብዎ ያኑሩልኝ፤ ወደ ኋላ እንፈልገዋለን።

፪. ስለ ፓትሮል መኪናው

መኪናዋ በየቀኑ ከምሳ በኋላ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከዋናው መንገድ ጀምራ ሳይረኗን እያስጮኸች ትመጣለች። ሌባ ሰው ነውና እንዳይደነግጥ አስቀድሞ ማሳወቁ ጨዋነት ነው። ሌባውም ውለታውን ስለሚያውቅ መኪናዋ እስክታልፍ ሥራውን አቁሞ ይጠብቃል፤ ስታልፍ ካቆመበት ይቀጥላል። በዚህ መልካም መግባባት የተነሳ እስካሁን ማንም ማንንም አላስቀየመም።

የመንገዱ አምፖሎች እንዳይሰረቁ በሚል ተፈትተው መጋዘን እንዲገቡ ማድረግዎንም ሳላነሳ ማለፍ ግፍ ነው። ከዚያ ወዲህ ከሰፈራችን አንድም አምፖል አልተሰረቀም። እንዲያው ሳስበው፣ እኛንም ፈትተው መጋዘን ቢያስገቡን ጨርሶ ሰላም ይሆን ነበር።

፫. ስለ መርሳት በሽታችን

ባለፈው ዓመት የልብስ ስፌት መኪናዬ ከነጠረጴዛዋ ተሰረቀች። የመታጠቢያ ቤቴ መስኮት በያጁ፣ ማሽኑ ከመጥፋቱ በፊት፣ ያልደረሰባት አንዲት ቀዳዳ ነበረች፤ በዚያች ገብተው በዋናው በር ወጡ። ለሌላ ሰው ብረት ናት፤ ለእኔ ግን የልጆቼ ልብስ፣ የልጆቼ ትምህርት ቤት፣ የማታ እራታችን ነበረች። እያለቀስኩ ጣቢያዎ መጣሁ።

ተረኛው ፖሊስ በጣም ጨዋ ልጅ ነው። አስቀመጠኝ፣ አፅናናኝ፣ ከዚያም ሌባውን አይቼው እንደሆነ ጠየቀኝ። አላየሁትም አልኩት። ካላየሁት ሌባ መሆኑን በምን እንዳወቅሁ ጠየቀኝ። መስኮቱ ተገንጥሏል፣ መኪናዋ የለችም አልኩት። እሱም ጥቂት አሰብ አድርጎ፣ ምናልባት ለሰው አውሼ፣ ወይም ሌላ ቦታ አስቀምጬ ረስቼ እንደሆነ በደንብ እንዳስታውስ መከረኝ። ክቡር ሆይ፣ ሰው መነጽሩን ይረሳል፣ ጃንጥላውን ይረሳል፤ እኔ ግን አራት እግር ያላትን የስፌት መኪና ከነፔዳሏ የት ልረሳት እችላለሁ? ብቻ ሌባው ስላልታየ ጉዳዩ ስርቆት ሊባል አይችልም ተባለና፣ መኪናዬ በጠፉ ዕቃዎች ስር ተመዘገበች።

ከዚያ በኋላ ነው በሽታው የእኔ ብቻ አለመሆኑን የተረዳሁት። በያጁ ማሽኑን የት እንዳስቀመጠ ረስቷል። በጡረታ ላይ ያሉት መምህር ቴሌቪዥናቸውን ከግድግዳው ፈትተው የት እንዳደረሱት አያውቁም። ከእኔ ቤት ማዶ ያለው ጎረቤቴማ የግቢውን የብረት በር ጥሎት መጣ፤ ከኪሱ ሾልኮ ይሆናል። መንገዱ በሙሉ ዝንጉ ሆኖ አረፈው።

በዓመቱ መጨረሻ ላይ ሪፖርትዎ በጽሕፈት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ አነበብነው። በአካባቢያችን በዓመቱ ውስጥ አንድም የቤት ስርቆት አለመፈጸሙን፣ ስለዚህም ዋንጫ መሸለምዎን አወቅን። እንኳን ደስ አለዎት። ዋንጫውን ግን የት እንዳስቀመጡት ልብ ይበሉ።

፬. ስለ ቁልፎቹ

አሁን ወደ አክስቴ ልምጣ። ሰፈሩ በሙሉ እትዬ ይላቸዋል። ዕድሜያቸውን በአዋላጅነት ጨርሰው ጡረታ የወጡ፣ እናቴ ስትሞት ወስደው ያሳደጉኝ፣ የስፌት መኪናዬን «በረሳሁ» ጊዜም በወጣትነታቸው የገዟትን ባለ መዘውር አሮጌ መኪና ከቁም ሳጥን ጀርባ አውጥተው፣ ሥራሽን እንዳታቋርጪ ብለው የሰጡኝ ሴት ናቸው። ከእኔ ሁለት ቤት አለፍ ብለው ብቻቸውን ይኖራሉ። ስኳር ሕመም አለባቸው። ከእኔ ጋር እንዲኖሩ ብለምናቸው፣ እኔ የምሰፋበት ክፍል ድምፅ እንደሚያደነቁራቸው ነግረው አሳፍረው መለሱኝ።

እንግዲህ በምክርዎ መሠረት ቁልፋችን ሲበዛ፣ መለዋወጫው የት ይቀመጥ የሚለው ራስ ምታት ሆነብን። ከምንጣፍ ስር እንዳናደርገው ሌባ ያውቀዋል። ጎረቤት ጋ እንዳናስቀምጥ ጎረቤት ቀን ሥራ ነው። ከቤታቸው የማይወጡ፣ የማንንም ነገር የማይነኩ፣ ሁሉም የሚያምናቸው ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነበሩ። ቀስ በቀስ የመንገዱ መለዋወጫ ቁልፍ በሙሉ እትዬ ጋ ገባ። እሳቸውም በወጥ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ለየቤቱ አንድ አንድ ምስማር መቱና፣ የዳቦ ጋጋሪውን ከላይ፣ የመምህሩን ከጎኑ፣ የእኔን ከመብራት ማብሪያው ስር አንጠለጠሉት። ቁልፉ የጠፋበት ሁሉ እትዬን ያንኳኳል፣ ተግሣጹን ይቀበላል፣ ቁልፉን ወስዶ ይሄዳል። ደንባችን ይኸው ነበር፤ እንደ ደንብም ከእርስዎ ደንቦች ሁሉ የተሻለ ይሠራ ነበር።

የእትዬ የራሳቸው መለዋወጫ ቁልፍ እኔ ጋ ነበር። ቤቴ ከተገባ በኋላ ግን ቁልፋቸው በሌባ እጅ ቢገባስ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ስለዚህ በመንገዱ ውስጥ ካለው አስተማማኝ ቦታ ሁሉ አስተማማኙን መርጬ እዚያ ወስጄ ሰቀልኩት። እሱም የእትዬ ግድግዳ ነው። እትዬም ምስማር መትተው፣ ጎበዝ ልጅ፣ ብለው መረቁኝ። ምን እንዳደረግን አንዳችንም አላስተዋልንም።

ባለፈው ሳምንት ረፋዱ ላይ ቀሚስ ልለካቸው ሄጄ ባንኳኳ መልስ የለም። በወጥ ቤቱ መስኮት ፍርግርግ በኩል አሻግሬ ባይ፣ እትዬ ወለሉ ላይ ተዘርረዋል። አንድ ጫማቸው ወልቋል። በላያቸው፣ በግድግዳው ላይ፣ የመንገዳችን ቤቶች ቁልፎች በሙሉ ከነእሳቸው ቁልፍ ተደርድረው ተንጠልጥለዋል። ያንን ግድግዳ ባየሁ ጊዜ የተሰማኝን ለጠላቴም አልመኝ። እጄ በፍርግርጉ ገብቶ እስከ ክንዴ ይደርሳል፤ ከዚያ አያልፍም።

ጮህኩ። ያለው ሰው ሁሉ ወጣ። ዳቦ ጋጋሪው በዱቄቱ፣ መምህሩ በነጠላ ጫማቸው፣ በያጁም መዶሻ ይዞ መጣ። ብረቱን በመዶሻ ቀጠቀጠው፤ ብረቱ ወይ ፍንክች። በያጁ በዕድሜው ከሠራው ሥራ ሁሉ ልቡን ሰጥቶ የሠራው የእትዬን በር ነበር፤ ሲወለድ የተቀበሉት እሳቸው ስለሆኑ። የሚቆርጥበት ማሽን ደግሞ፣ እንደሚያስታውሱት፣ የት እንዳስቀመጠው ረስቷል። መዶሻውን ጥሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

እኔ ጣቢያዎ ደወልኩ። ያው ጨዋ ተረኛ አነሣው። በር ሰብራችሁልን ሰው አትርፉልን አልኩት። የቤቱ ባለቤት በቦታው አሉ ወይ ሲል ጠየቀኝ። አሉ፣ ወለሉ ላይ አሉ አልኩት። እንግዲያውስ የግለሰብ በር ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መስበር ወንጀል ስለሆነ ባለቤቷ ስልኩን ይዘው ፈቃዳቸውን ይግለጹ አለኝ። መኪናዋም ለጊዜው ስምሪት ላይ ስለሆነች ስትመለስ እንደሚልካት አስረዳኝ። ስልኩን ሳልዘጋው ወረወርኩት።

ያን ጊዜ ነው ሙልጭን እንጥራው ያለው በያጁ። ሙልጭ የሚኖረው ከጋራዡ ጀርባ ከእናቱ ጋር ነው፤ እዚያ መኖሩን እኛ እናውቃለን፣ ፖሊሶችዎም ያውቃሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ኳስ አብረው ያያሉ። ሮጬ ሄድኩ። ገና ሲያየኝ ከአልጋው ተነሥቶ፣ «በዚህ ሳምንት ምንም ነገር ነክቼ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» ብሎ ማለ። የዚህን ሳምንት ልጠይቀው አልነበረም የመጣሁት። እትዬ ወድቀዋል አልኩት። ጫማውን ሳያደርግ አንዲት ትንሽ ቦርሳ ብቻ ይዞ ቀድሞኝ ሮጠ።

በሩን አየው፣ ጓጉንቸሮቹን አንድ በአንድ ዳሰሳቸው፣ በያጁንም ጥሩ ሥራ ነው ብሎ አመሰገነው። ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ ፊታችንን እንድናዞር ጠየቀን። የሙያ ምስጢር ነው፣ ሰው እያየኝ አልሠራም አለ። ክቡር ሆይ፣ መላው መንገድ፣ የተማረውም ያልተማረውም፣ የተሰረቀውም ገና የሚሰረቀውም፣ እንደ ተቀጣ ተማሪ ፊቱን ወደ ማዶው ግድግዳ አዙሮ ቆመ። ከኋላችን ቀጭ የሚል ድምፅ፣ ከዚያ ሌላ ቀጭ ሰማን። የጀመርኩትን ጸሎት ሳልጨርስ በሩ ተከፍቶ ነበር።

ሙልጭ እትዬን ቀና አድርጎ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ በከንፈራቸው ሲያደርስላቸው ዓይናቸውን ገለጡ። ያዩት እሱን ነው። የመጀመሪያ ቃላቸው፣ አምና የወሰደባቸው ሬዲዮ የት እንደ ደረሰ መጠየቅ ነበር። አመጣለሁ እትዬ አላቸው። በጀርባው አዝሎ እስከ ዳቦ ቤቱ መኪና ድረስ ወሰዳቸው፤ እኔም አብሬ ገብቼ ሐኪም ቤት ደረስን። ሐኪሙ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ልታመጧቸው ባላስፈለገ ነበር አለኝ።

እዚህ ላይ ቀልዴን ለአንድ አፍታ ላቁም። ያሳደጉኝን ሴት በብረት መሀል እጄን ዘርግቼ ልደርስባቸው አልቻልኩም። ብረቱን እኔ ነኝ ያሠራሁት፤ ቁልፉን እኔ ነኝ የሰቀልኩት፤ ምክሩን የሰጡኝ እርስዎ ነዎት። እሳቸው ዛሬ በሕይወት ያሉት እርስዎ ከሁሉ በላይ ልንፈራው ይገባል ባሉን ሰው ምክንያት ነው። ይህን እያሰብኩ ስፌቴ ሳምንቱን ሙሉ ተጣሞብኛል።

፭. ስለ ፍጥነትዎ

የሆነው እንዲህ ነው። እኛ ሐኪም ቤት ስንሄድ የእትዬ ቤት ወለል ብሎ እንደተከፈተ ቀረ፤ የመንገዱ ሁሉ ቁልፍ በግድግዳው ላይ እንደ ተንጠለጠለ። ሌላው ሰው ስለ እትዬ እየተጨነቀ መኪናውን ተከትሎ እስከ ዋናው መንገድ ሮጧል። ከበሩ ላይ የቀሩት ሙልጭና በያጁ ብቻ ነበሩ። በያጁ እንደነገረኝ፣ ሙልጭ ወደ ወጥ ቤቱ አሻግሮ ቁልፎቹን አየና ደነገጠ። ይህ ሁሉ ቁልፍ ያለበት ቤት ክፍት ሊያድር አይገባም፣ ሰፈሩ ውስጥ ሌባ አለ፣ አለው። ከዚያም በያጁን ፊትህን አዙር ብሎ፣ ቦርሳውን ከፍቶ፣ በሩን መልሶ መቆለፍ ጀመረ።

መኪናዎ ያን ጊዜ ደረሰች። እኔው እንባዬን እያፈሰስኩ የጠራኋት መኪና ነች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይረኗን አላስጮኸችም። ፖሊሶችዎ ወርደው፣ በሰው በር ላይ ጎንበስ ብሎ መሣሪያውን ጓጉንቸሩ ውስጥ የከተተ ሰው አዩ፤ እጅ ከፍንጅ ያዙት። በያጁ እየቆለፈ ነው እንጂ እየከፈተ አይደለም ብሎ ቢጮህ፣ ሲቆልፍ አይተኸዋል ወይ ብለው ጠየቁት። በያጁ ውሸት አይችልም፤ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ስለነበር አላየሁም አለ።

በማግስቱ በሰሌዳዎ ላይ፣ በሕዝቡ ትብብር አደገኛ የቤት ሰርሳሪ መያዙ ተለጥፎ አነበብን። የዓመቱ የመጀመሪያ ስርቆት ሆኖም ተመዘገበ። የስፌት መኪና፣ ቴሌቪዥን፣ የብየዳ ማሽን፣ አንድ ሙሉ የግቢ በር የሄደበት ሁሉ መርሳት ሲሆን፣ አንዲት ማንኪያ እንኳ ያልጠፋበት ቀን ስርቆት ሆነ። ቁልፎቹን ከሐኪም ቤት ስመለስ በወጥ ቤቱ መስኮት ፍርግርግ በኩል እኔ ራሴ አይቻቸዋለሁ፤ ሁሉም በየምስማራቸው ላይ ናቸው።

እንግዲህ ምስጋናዬ እዚህ ላይ ይበቃል፤ ከዚህ ሲበዛ ሽንገላ ይመስላል።

ትናንት መርማሪዎ ቤት ለቤት ሲዞር ዋለ። አሁን ሌባ በእጁ ስላለ፣ የረሳናቸውን ዕቃዎች በሙሉ ደግመን እንድናስታውስና እንደ ተሰረቁ አድርገን እንድንመሰክር በትሕትና ለመነን። ከእኔም ዘንድ መጥቶ ስለ ስፌት መኪናዬ ጠየቀኝ። አልዋሽዎትም ክቡር ሆይ፣ ያችን መኪና የወሰዳት ማን እንደሆነ ልቤ ያውቃል። በመታጠቢያ ቤት መስኮት የሚያልፍ ቀጭን ትከሻ በሰፈራችን አንድ ብቻ ነው። መኪናዬ ትዝ ባለችኝ ቁጥር አንጀቴ ይቃጠላል፤ ከእስር ሲወጣ ከእሱ ጋር የምንነጋገረው ብዙ ነገር አለ፣ እናቱም ባለችበት ነው የምንነጋገረው። ለመርማሪዎ ግን የት እንዳስቀመጥኳት እንደረሳሁ ነገርኩት። መምህሩም ቴሌቪዥናቸውን ረስተዋል። ማዶ ያለው ጎረቤቴም በሩን ጥሎታል። ማስረጃ ካስፈለገ በራስዎ ጣቢያ፣ በራስዎ ፖሊስ እጅ፣ በራስዎ ማኅተም ተረጋግጦ ይገኛል። ፍርድ ቤት የምንቀርበውም ይህንኑ ለመመስከር ነው፤ በዚህ ሰፈር ስርቆት የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም፣ ዋንጫም ተሸልሞበታል።

እትዬም ቢሆኑ በሐኪም ቤት አልጋቸው ላይ ሆነው ማንንም እንዳልከሰሱ ለፖሊሶችዎ አስታውቀዋል። ያልመሠረቱትን ክስ ለማንሳት ግን በአካል ቀርበው መፈረም አለባቸው ተብሏል። ሲወድቁ ዳሌያቸው ተሰብሯል። መቆም ቢችሉ ኖሮ ይህን ደብዳቤ መጻፍ ባላስፈለገኝ ነበር፤ እርስዎን ፊት ለፊት ማናገሩን በጣም ፈልገውት ነበር። ለነገሩ እርስዎንም የተቀበሉት እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም፤ በዚህ ከተማ በእርስዎ ዕድሜ ያለ ሰው ብዙው በእጃቸው ነው ያለፈው። ሲወለዱ ቶሎ አላለቀሱም ነበር ይሉኛል፤ እኔ ግን ሰው ተሳስተው ይሆናል ብያቸዋለሁ።

በመጨረሻም አንድ የሥራ ጉዳይ አለን። ሙልጭን የወሰዳችሁት ሥራው እኩሌታ ላይ ሳለ ነው። የእትዬ በር አሁን አይከፈትም፣ አይዘጋምም፤ በአንድ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎ ቆሟል። ቁልፎቻችን ከውስጥ ናቸው። በያጁ ሞክሮ አልቻለም። እኛም በየተራ ወንበር አውጥተን ደጃፉ ላይ እንውላለን፤ እኔም መዘውሯን መኪናዬን አውጥቼ እዚያው እሰፋለሁ። እትዬ በሚቀጥለው ሳምንት ከሐኪም ቤት ሲወጡ በራቸውን ከፍቶ የሚያስገባቸው ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው እርስዎ ጋ ነው። ከፍርድ ቤቱ ቀጠሮ በፊት ቢለቁት፣ ሬዲዮዋንም ይዞ ቢመጣ፣ ሰፈሩ ውለታዎን አይረሳም። ይህን አንረሳም ብዬ ቃል እገባለሁ፤ ሌላውን ሁሉ ብንረሳም።

ይህን ሁሉ ያልኩት ከማይጠፋ አክብሮት ጋር ነው፤ ከጠፋም በጠፉ ዕቃዎች ስር ይመዝገብልኝ። እድሜዎ ይርዘም፣ ሽቦዎ አይዛግ፣ ዘበኞችዎ አይተኙ፣ ሶፋዎም የትም ስብሰባ ላይ ተረስቶ አይቅር።

ታዛዥዎ፣
ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ከፍርግርጉ በስተውስጥ፣
ልብስ ሰፊዋ

ማስታወሻ፦ ትናንት መርማሪዎ ቤት ለቤት ሲዞር መኪናዋ መንገዳችን አፍ ላይ ቆማ ነበር። ተመልሶ ሲመጣ የኋላ መለዋወጫ ጎማዋ አልነበረም። ሙልጭ እንዳይጠረጠር፣ እሱ በእርስዎ እጅ ነው። እባክዎ መርማሪዎ የት እንዳስቀመጠው በደንብ እንዲያስታውስ ይንገሩልኝ። እኛን አይታችኋል ወይ ብለው እንዳይጠይቁን ደግሞ፣ በዚያች ሰዓት ሁላችንም ፊታችንን ወደ ግድግዳ አዙረን ነበር።